ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገር በመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒውተሮች

ዛሬ በመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ በመጻፍ ላይ ሳሉ አለቃዎ ብቅ ብለው የበጀቱን ሒሳብ የጠየቁዎ እንደሆነ፣ ሁለት ቁልፎች ተጭነው ሠንጠረዡን ያወጣሉ፤ ቁጥሩን ተናግረውም ወደ ጀመሩት ዐረፍተ ነገር ይመለሳሉ። ይህ ነገር ሲያዩት ቀላል ቢመስልም እስኪገኝ ድረስ ብዙ ድካም የጠየቀ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካው አይ ቢ ኤም ኩባንያ የግል ኮምፒውተሩን በ1981 ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ መሣሪያውን የሚያስተዳድረው ዶስ የተባለው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲያሠራ ሆኖ የተዘጋጀ ነበር። ስለዚህ በዚያን ዘመን የነበረ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት፣ አስቀድሞ ደብዳቤውን በዲስክ ላይ ያኖራል፤ የጽሕፈቱን ፕሮግራም ይዘጋል፤ ዲስኩን አውጥቶ የሒሳቡን ዲስክ ያስገባል፤ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ላይ ይገለብጣል፤ ከዚያም ይህንኑ ሁሉ ወደ ኋላ ይደግማል።

ምክንያቱ ምን ነበር? ብዙ ሰዎች የሜሞሪው ማነስ ነው ይላሉ። እርግጥ ነው፤ መሣሪያው ሊደርስበት የሚችለው ሜሞሪ በጠቅላላው 1 ሜጋባይት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለፕሮግራሞች የተተወው 640 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ዋናው ችግር ግን፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም መላው መሣሪያ የእርሱ ብቻ እንደሆነ አድርጎ መሥራቱ ነው። ለምሳሌ በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ፍጥነት ለማግኘት ሲል በዶስ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ሜሞሪ ይጽፍ ነበር። ስክሪኑ 80 ፊደል ያላቸው 25 መስመሮች ይይዛል፤ ለእያንዳንዱም ሥፍራ አንድ ባይት ለፊደሉ፣ አንድ ባይት ለቀለሙ ስለሚያስፈልግ፣ ጠቅላላው 4,000 ባይት ይሆናል። ፕሮግራሞችን ለማለዋወጥ የሚነሣ ሁሉ እነዚህን 4,000 ባይቶችና በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እንዳሉ አስቀምጦ፣ በኋላ አንዲት ሳትጎድል መመለስ አለበት፤ ፕሮግራሙም ከሥፍራው መነሣቱን ፈጽሞ ማወቅ የለበትም።

በ1984 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ሳይድኪክ የሚባል ፕሮግራም አወጣ። ይህም በሜሞሪው ጥግ አድፍጦ ይቆይና፣ የተወሰኑ ቁልፎች ሲጫኑ ከሌላው ሥራ በላይ ብቅ ብሎ የሒሳብ ማሽን፣ የማስታወሻ ደብተርና የቀን መቁጠሪያ ያቀርባል። ሕዝቡም ወደደው። መሰሎቹ በዙ፤ ጣጣውም አብሮ በዛ። ሁሉም የቁልፍ ሰሌዳውን ምልክት ቀድመው ለመቀበል ይሽቀዳደማሉና፣ ሦስት አራቱን ባንድነት የጫነ ሰው ኮምፒውተሩ በድንገት ቀጥ ብሎ ሊቆምበት፣ ያላኖረውም ጽሑፍ ሊጠፋበት ይችል ነበር። ከዚህ የሚብስም አለ። ዶስ አንዱን ትእዛዝ በመፈጸም ላይ ሳለ ሁለተኛ ትእዛዝ እንዲቀበል ሆኖ አልተሠራም፤ ፋይል በዲስክ ላይ በሚጻፍበት ሰዓት ያደፈጠው ፕሮግራም ተነሥቶ እርሱም ዲስክ ቢጠይቅ፣ የፊተኛው ሥራ የደረሰበት ምልክት በሁለተኛው ሊደመሰስ ይችላል። ዶስ በሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ምልክት በውስጡ ነበረው፤ ማይክሮሶፍት ግን ይህን ለብዙ ጊዜ በመመሪያ መጻሕፍቱ አልገለጠውም፤ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ራሳቸው መርምረው አገኙት። ይህ ዝምታ ተገቢ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በአፕል ማኪንቶሽ በኩል፣ ከኩባንያው የወጡት መሐንዲስ አንዲ ኸርዝፌልድ በ1985 ስዊቸር የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ይህ ፕሮግራም 512 ኪሎባይት የሆነውን ሜሞሪ ከፋፍሎ ለየፕሮግራሙ ድርሻውን ይሰጣል፤ ተጠቃሚው ሲያዝም አንዱ ገጽ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሌላው ይተካል።

በዶስ ላይ ቁርጥ ያለው መፍትሔ የመጣው ከፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል በ1985 ያወጣው 80386፣ ለእያንዳንዱ የዶስ ፕሮግራም የራሱ 1 ሜጋባይት ያለው መሣሪያ የተሰጠው ያስመስልለታል፤ በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ሲጽፍም ጽሑፉ ወደ ሌላ ሥፍራ እንዲመራ ማድረግ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ግን አያውቅም። በ1987 የወጣው ዊንዶውስ 386 በዚህ ተጠቅሟል። ሆኖም በ1990 በወጣው በዊንዶውስ 3.0 እንኳ፣ ለዊንዶውስ ተብለው የተሠሩት ፕሮግራሞች ተራ የሚለቁት በፈቃዳቸው ስለ ነበር፣ አንዱ እምቢ ያለ እንደሆነ ሌሎቹም ይቆማሉ። ይህ በ1993 በዊንዶውስ ኤንቲ፣ በ1995ም በዊንዶውስ 95 ለ32 ቢት ፕሮግራሞች ተስተካከለ፤ የማኪንቶሽ ተጠቃሚዎች ግን ማክ ኦኤስ ኤክስ እስከ ወጣበት እስከ 2001 መታገሥ ግድ ሆነባቸው።