ገፈርሳ፦ ለኮልፌ ተማሪዎች የቀረበ የውኃ ዳርቻ

የባሕር ጠረፍ በሌላት አገር የውኃ ዳርቻ አእዋፍን ማጥናት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከኮልፌ ቀራንዮ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የገፈርሳ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ብርቅዬው፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ደጋማ ምድር በቀር በዱር የትም የማይኖረው፣ ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ጀርባው ላይ አሳርፎ በረግረጉ ሣር ላይ በዝግታ ይራመዳል፣ መጠሪያው የሆነው ፈዛዛ ሰማያዊ ቀለምም በይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ሲበር ነው። ይህን አረማመድ አንድ ጊዜ በዓይን ማየት ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል እጅግ ይልቃል። በበጋ ወራት ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ፍልሰተኛ ዳክዬዎች ስለሚጨመሩ፣ ጉብኝቱን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማድረግ ይመረጣል።