ከባድ መዶሻ፦ አመራረጡና አያያዙ

አሮጌ ቤት በሚፈርስበት ሰፈር ድምፁ ከማለዳ ጀምሮ ይሰማል። ኤክስካቫተር በማይገባበት ጠባብ ግቢ፣ መብራት ባልደረሰበት የገጠር ቁፋሮ፣ ፐርኖ አልወጣ ብሎ መካኒኩን ባስቸገረበት ጋራዥ የሚፈለገው ያው ባለ ረጅም ዛቢያው ከባድ መዶሻ ነው። ነዳጅ አይጠጣም፤ የሚቀየርለት ነገር ቢኖር ዛቢያው ብቻ ነው። ከእጅ መሣሪያዎች ሁሉ ቀላሉ ስለሚመስል ግን ሲገዛ የሚጠይቅለት፣ ሲያዝ የሚያስተምርለት ሰው የለም። ሱቅ የገባ ሰው ጉልበቱን አምኖ ትልቁን ያነሣል፤ በማግስቱ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል።

መዶሻ የሚሠራው በክብደቱ ብቻ አይደለም። አርማታውን የሚሰብረው መዶሻው ይዞት የሚወርደው ጉልበት ነው፤ ይህም የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድጋል። አንድ ሠራተኛ 9 ኪሎ መዶሻ በሰከንድ 6 ሜትር ፍጥነት አወረደ እንበል፤ ምቱ 162 ጁል ነው። ያው ሰው 4.5 ኪሎውን ይዞ በሰከንድ 9 ሜትር ቢያወርድ 182 ጁል ያሳርፋል። ግማሹን ክብደት ተሸክሞ የበለጠ መታ ማለት ነው። ደግሞም መዶሻ ከመውረዱ በፊት መነሣት አለበት። 9 ኪሎ ብረት ከትከሻ በላይ ሲያነሣ የሚውል ሰው ክንዱ ይዝልና ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ያ ሁሉ ክብደት ከንቱ ልፋት ይሆናል።

ክብደት በራሱ የሚጠቅምበት ቦታም አለ። የአጥር ችካል ወይም ወፍራም የእንጨት ቋሚ መሬት ውስጥ ሲገባ የሚፈለገው መግፋት እንጂ መስበር አይደለም። ቀላል መዶሻ በፍጥነት ሲያርፍበት የእንጨቱን ራስ ይሰነጥቀዋል፤ ከባዱ ረጋ ብሎ ሲወርድበት ግን ችካሉ ሳይጎዳ ይገባል።

ስለዚህ ከመዶሻው በፊት ሥራው መለየት አለበት። መሮ ለመምታት፣ ድንጋይ ለመጥረብ፣ የብሎኬት ግድግዳ ለመብሳት ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን፣ እጀታው ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ መዶሻ ይበቃል። በሁለት እጅ ከሚያዙት መካከል ለአብዛኛው ሰውና ለአብዛኛው ሥራ የሚስማማው 3 ወይም 4 ኪሎው ነው፤ የዛቢያው ርዝመት 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። 5 እና 6 ኪሎው አርማታ መስበር ለለመደ ሰው ነው። ከ8 ኪሎ በላይ ያለውን እኔ ለጥቂት ምት ብቻ ከመጋዘን የሚወጣ መሣሪያ አድርጌ አየዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሊሠራበት አይገባም። ራሱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በፓውንድ ከሆነ 8 ማለት 3.6 ኪሎ፣ 12 ማለት 5.4 ኪሎ ነው። ቁጥሩ የብረቱን ክብደት ብቻ ይናገራል፤ ዛቢያውን አይጨምርም።

ብረቱ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ይፈለግበታል። የሚመታበት ፊት እንዳይደፈጠጥ ጠንካራ፣ ዛቢያው የሚገባበት መካከል ደግሞ ምቱን ችሎ እንዳይሰነጠቅ ለስለስ ያለ መሆን አለበት። ጥሩ አምራቾች ብረቱን ቀጥቅጠው ቅርጹን ካስያዙት በኋላ ፊቱን አግለው በፍጥነት በማቀዝቀዝ ያጠነክሩታል፤ መካከሉን እንዳለ ይተዉታል። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ርካሽ ራስ ግን ብዙ ጊዜ ይሸራረፋል። ሲገዙ ፊቱን በጣት ይዳስሱት። መካከሉ በትንሹ ጎበጥ ያለ፣ ጠርዙም ተሞርዶ የለዘበ ከሆነ ደህና ነው። ጠርዙ ስለት ያለው መዶሻ ዘወር ብሎ ባረፈ ቁጥር ስንጣሪ ይወረውራል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ተወስዶ መታየት ያለበት ግን ዛቢያው ነው፤ ከዛቢያው ተነቅሎ የበረረ የመዶሻ ራስ አጠገብ የቆመን ሰው ሊገድል ይችላልና። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄዱን ይመልከቱ። መስመሩ ሰያፍ ሄዶ ጎን ላይ የሚያልቅ ከሆነ አንድ ቀን በዚያው በኩል ይሰበራል። ጉጥ ያለበትን አይንኩት። አሜሪካኖች ለዚህ ሥራ ሂኮሪ የሚባለውን እንጨት ይመርጣሉ፤ ወደ እኛ ስንመጣ ወይራን የሚያህል አይገኝም። ባሕር ዛፍ በየትም አለ፣ ቀጥ ያለም ነው፤ ነገር ግን ሳይደርቅ የተገጠመ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ራሱም ይላላል።

አገጣጠሙም ዕውቀት ይጠይቃል። የዛቢያው የላይኛው ጫፍ በመጋዝ ይሰነጠቅና ራሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ስንጥቁ ላይ የእንጨት ሽብልቅ ይመታበታል፤ ከዚያ ትንሽ የብረት ሽብልቅ በሰያፍ ይጨመራል። የብረቱ ቀዳዳ መሐሉ ጠበብ፣ አፉ ሰፋ ያለ ስለሆነ እንጨቱ ከላይ ተከፍቶ ራሱን አንቆ ይይዘዋል። በሽብልቅ ፈንታ ምስማር መምታት ዛቢያውን ከመሰንጠቅ በቀር ጥቅም የለውም። የላላ መዶሻ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርም የተለመደ ነው። እንጨቱ ያብጥና ለአንድ ቀን ጥብቅ ይላል፤ ነገር ግን ያበጠው እንጨት ብረቱ ላይ ተጨፍልቋልና ሲደርቅ ከበፊቱ ይብስ ይላላል። መፍትሔው ሽብልቁን እንደገና መምታት ወይም አዲስ ዛቢያ ማስገባት ነው። እንጨቱ በበጋ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ የተልባ ዘይት መቀባት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ዛቢያ መቀየር የሰለቸው ሰው የብረት ቧንቧ በይዶበት ይገላገላል። ይህን አልደግፍም። የብየዳው ሙቀት በአምራቹ በጥንቃቄ የተሠራውን የብረቱን ጠባይ ያበላሸዋል፤ ንዝረቱም ሳይቀነስ ወደ መዳፍና ወደ ክርን ይገባል። እንጨት ንዝረቱን በከፊል ውጦ ያስቀራል። የፋይበር ግላስ እጀታ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ራሱ ኢላማውን አልፎ ዛቢያው በጠርዝ ላይ ሲያርፍ የማይሰበርበት ዕድል ከእንጨት ይልቅ ሰፊ ነው።

አመታቱን በተመለከተ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ከሩቅ ይታወቃል፤ አይጣደፍም። ብርቱውን እጁን ከመዶሻው ራስ ሥር፣ ሌላውን ዛቢያው መጨረሻ ላይ ያደርጋል። መዶሻው ሲነሣ የላይኛው እጅ ሸክሙን ይይዛል፤ ሲወርድ ያው እጅ በዛቢያው ላይ ተንሸራቶ ከታችኛው እጅ ጋር ይገናኛል። አነሣሡ አጭር፣ አወራረዱ ረጅም የሚሆነው በዚህ ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፤ ምቱ ሲወርድ ጉልበት ይታጠፋል እንጂ ወገብ አይጎብጥም። ኢላማው መሬት ላይ ከሆነ መዶሻው ቢስት ቅልጥም እንዳያገኝ ራቅ ብሎ መቆም ግድ ነው። ሊያርፍ ሲል ደግሞ መዳፍ ጥቂት ላላ ይላል፤ ጨብጦ የያዘ ሰው ንዝረቱን በሙሉ በራሱ መገጣጠሚያ ይቀበላል።

ብዙ ጉልበት በከንቱ የሚፈሰው አርማታ ሲሰበር ነው። አርማታ ሲጨመቅ ብርቱ፣ ሲሳብ ደካማ ነው፤ መሳብን የመቋቋም አቅሙ መጨመቅን ከሚቋቋምበት አቅም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ፌሮ የሚገባበትም በዚሁ ምክንያት ነው። መሬት ላይ የተንጣለለ አርማታ መካከሉ ላይ ሲመታ ከሥሩ ያለው አፈር ደግፎ ስለሚይዘው ምቱ ይጨምቀዋል እንጂ አይሰብረውም፤ የሚታየው ነጭ ዱቄት ብቻ ነው። ዘዴው ጠርዙን ቆፍሮ በድጅኖ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀና ማድረግ፣ ከሥሩም ድንጋይ ማስገባት ነው። ሥሩ ባዶ ሲሆን ምቱ አርማታውን ያጎብጠዋል፤ የታችኛው ፊቱ ይሳባል፤ በደካማ ጎኑ ተገኝቷልና ይሰነጠቃል። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲመታ ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ያልሠራውን በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። ሥራው ከጠርዝ ተጀምሮ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ስንጥቅ የታየበት ቦታ ተደጋግሞ ይመታል፤ የሚቀረውን ፌሮ ግራይንደር ይቆርጠዋል።

ግንብ ሲፈርስ ከላይ ወደ ታች፣ ረድፍ በረድፍ ነው። ከሥር ቦርቡሮ በአንድ ጊዜ ለመጣል መሞከር ሰው ላይ ግድግዳ መገልበጥ ነው። መብራቱ መቋረጡ፣ የውኃ ቧንቧው መዘጋቱ፣ ግድግዳው ጣሪያ ወይም ሶሌታ የተሸከመ አለመሆኑ አስቀድሞ ይጣራል።

ድንጋይ ፈላጮች ደግሞ የመዶሻን ልክ ከሁላችንም አስቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የጎቦ ድራ ኮረብታ የሐውልቶቹ ድንጋይ ይወጣበት የነበረው ሥፍራ ዛሬም ይታያል። በዐለቱ ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች በመስመር ተደርድረዋል፤ ሽብልቅ የሚገባባቸው ናቸው። አክሱም ላይ ወድቆ የሚገኘው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና ወደ 520 ቶን የሚጠጋ ክብደት አለው። ያን የሚያህል ድንጋይ በጉልበት ብዛት ብቻ ተደብድቦ ቢሆን ኖሮ ወጥ ሆኖ አይወጣም ነበር፤ የተፈለገው መስመር ላይ በእኩል ኃይል የተከፈለ ነው። የዛሬዎቹ ፈላጮችም በቀዳዳዎቹ ውስጥ የብረት ሽብልቅ ይተክላሉ፤ ሁሉንም በየተራ፣ እኩል እኩል፣ በመጠነኛ መዶሻ ይመታሉ። ሽብልቁ እየጠበቀ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል። ያን ጊዜ ጥቂት ታግሦ ጆሮ መስጠት ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ይከፈላል።

በአሜሪካ የከባድ መዶሻ ስም ሲነሣ ጆን ሄንሪ አብሮ ይነሣል። በዌስት ቨርጂኒያ የቢግ ቤንድ የባቡር ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 1872 ሲቆፈር ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች ነበሩ። አንዱ ረጅም መሮ ዐለቱ ላይ ይዞ በየምቱ መካከል ያዞረዋል፤ ሌላው በመዶሻ ይመታዋል። በዚህ መንገድ ለባሩድ የሚሆን ቀዳዳ ይበሱ ነበር። እንደ አፈ ታሪኩ ጆን ሄንሪ በእንፋሎት ከሚሠራ መብሻ ጋር ተወዳድሮ አሸነፈ፤ መዶሻውን በእጁ እንደያዘም ወድቆ ሞተ። ልቡ እንደፈነዳ ይተረታል። በዚያ ዘመን ዋሻ ቆፋሪዎችን በእርግጥ ይጨርስ የነበረው ግን ሳንባ ውስጥ የሚቀረው የድንጋይ ብናኝ ነው። ያ ብናኝ ዛሬም አደጋው አልቀነሰም፤ አርማታና ድንጋይ ከመመታቱ በፊት ውኃ ቢርከፈከፍበት፣ አፍና አፍንጫም ቢሸፈን ብዙ ሳንባ ይተርፋል።

በአንጥረኛ ቤት ከባዱ መዶሻ በረዳቱ እጅ ነው። መሪው የጋለውን ብረት በጉጠት መስፉ ላይ ይዞ በትንሽ መዶሻው የሚመታበትን ቦታ ይነካል፤ ረዳቱ በከባዱ እዚያው ላይ ያሳርፋል። ንግግር የለም። ይህን ሙያ ለዘመናት ተሸክመው የኖሩት፣ በጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ጭምር፣ ማረሻውንና ማጭዱን እየሠሩ ሲሰደቡ የኖሩ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጅን በሙያው መስደብ ከልክለዋል።

ብረት ብረትን በቀጥታ መምታት የሌለበት ቦታ ደግሞ ጋራዥ ነው። ኩሽኔታ ወይም ዘንግ በጠንካራ መዶሻ ሲመታ ይጎዳል፤ ስለዚህ የመዳብ፣ የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ራስ ያለው መዶሻ ይመረጣል። ውስጡ ክፍት ሆኖ የብረት እንክብል የተሞላ ዓይነትም አለ፤ ሲያርፍ እንክብሎቹ ወደ ፊት ስለሚገፉ መዶሻው ነጥሮ አይመለስም። ነዳጅ ባለበት ቦታ የነሐስ መዶሻ የሚያዘው ብልጭታ እንዳያወጣ ተብሎ ነው።

ሁለት የተጠነከሩ ፊቶች ፈጽሞ አይጋጩ። መዶሻን በመዶሻ መምታት፣ የመጥረቢያን ጀርባ እንደ ሽብልቅ መቀጥቀጥ፣ ራሱ እንደ እንጉዳይ የተደፈጠጠ መሮ መምታት የብረት ስንጣሪን እንደ ጥይት ያስወነጭፋል፤ የሚገኘውም ዓይን ነው። የተደፈጠጠው መሮ በግራይንደር ተሞርዶ ይስተካከል።

ሕንፃ የምታሠሩ፣ ኮንትራክተሮች፣ ፎርማኖች፦ መዶሻውን የሚያነሣው የቀን ሠራተኛ መነጽር የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ እናንተ ግን አላችሁ። መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ከመዶሻው ጋር አብራችሁ ስጡት፣ 3 እና 4 ኪሎ መዶሻም በበቂ አቅርቡለት። ነገ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን መዶሻ ራስ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የተነቃነቀውን ሽብልቁ እስኪጠብቅ ወይም ዛቢያው እስኪቀየር ድረስ ከሥራ አውጡት።