ኑሮ ሲለወጥ የምክር አገልግሎት እንዴት ይረዳል?

(ለስደተኞች በሬዲዮ ከተላለፈ የጤና ትምህርት)

ወባ ሲይዘን ትኩሳቱ ይታወቃል፣ ደም ተመርምሮ መድኃኒት ይሰጠናል። የዛሬው ርእሳችን ግን በቴርሞሜትር የማይለካ ሕመም ነው።

ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎቻችን ተከዜን ተሻግረን ሐምዳይት ገባን። ከዚያም በመኪና ተጭነን ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጣን። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም ወገኖቻችንን ያስጠለለ ቦታ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ፣ እዚያ ኑሮ መሥርተው የነበሩ ስደተኞች እንደገና ተሰደው ወደ ገዳሪፍ መጡ።

የተለወጠው ቤታችን ብቻ አይደለም። ትናንት ሠራተኛ ቀጥሮ ሰሊጥ ያሳጭድ የነበረ አባወራ ዛሬ የራሽን ካርድ ይዞ ይሰለፋል። ባሏን ያጣች እናት እንደ እናትም እንደ አባትም ሆና ልጆች ታሳድጋለች። ተማሪው ያለ ትምህርት ቤት ጎረመሰ። ሰው «እኔ ማን ነኝ?» ሲባል የሚመልሰው ሲጠፋው ልቡ ይታመማል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ምክንያቱ የማይታወቅ የራስና የወገብ ሕመም፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ ማብዛት። ማዘንና መጨነቅ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ብዙው ሰው ቤተሰቡን ሲያገኝና ሲረጋጋ ይሻለዋል። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቀው፣ በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ 5 ሰዎች 1 ያህሉ የአእምሮ ሕመም አለበት። ስለዚህ ሕመሙ ሳምንታት ከቆየና ሥራ ካስፈታን እርዳታ እንፈልግ።

የምክር አገልግሎት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ይላል። ምክር የሚፈልግ ሁሉ እብድ አይደለም። አማካሪው ራሽን አይጨምርም፣ ወደ አገር አይመልስም፣ አይፈርድምም። ያዳምጣል፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ መፍትሔውን አብሮ ይፈልጋል። ጸሎትን፣ ጠበልን፣ ዱዓን ተዉ አይልም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የምክር ዘዴ አሳትሟል። በሳምንት አንድ ቀን፣ 90 ደቂቃ ያህል፣ ለ5 ሳምንት ይሰጣል። ሰጪው ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ ሠልጥኖ በባለሙያ የሚታገዝ የማኅበረሰብ ሠራተኛ ይበቃል። በኬንያና በፓኪስታን ተሞክሮ የብዙዎችን ጭንቀት ቀንሷል። በዚምባብዌም ሠልጥነው የመጡ አያቶች በጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጎረቤቶቻቸውን ያማክራሉ።

ሥራው እንዴት ነው?

ያንን የሰሊጥ ገበሬ ለምሳሌ እንውሰድ። ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ይተኛል፤ ባለቤቱን ይቆጣል።

1. በመጀመሪያ ሰውነቱን ማረጋጋት ይማራል። በሆዱ ቀስ ብሎ አየር ያስገባል፣ ቀስ ብሎ ያስወጣል። ይህን በየቀኑ ይለማመዳል።

2. ችግሮቹን ይዘረዝራል። መሬቱን ከዚህ ሆኖ ማስመለስ አይችልም። የጠፋውን ልጁን ግን በቀይ መስቀል ወይም በቀይ ጨረቃ በኩል ማፈላለግ ይችላል። የሚቻለውን መርጦ በትንሽ በትንሹ ይጀምራል።

3. ጉልበቱ እስኪመለስ አይጠብቅም። ጧት ተነሥቶ የድንኳኑን ገመድ ያጠብቃል፤ በማግስቱ ለጎረቤት ራኩባ ሲሠራ ያግዛል። ሥራው ልብን ያነቃቃል።

4. ከሰው ጋር ይገናኛል። ቡና ሲጠሩት ይሄዳል፤ ለሚያምነው ሰው የልቡን ያጫውታል።

በአምስት ሳምንት ሰሊጡ አይመለስም። ነገር ግን እንቅልፉ ሊስተካከል፣ ከባለቤቱ ጋር ሊታረቅ፣ ልጆቹም አባታቸውን ሊያገኙ ይችላሉ።

መቼ እንቸኩል?

አንድ ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። «ራስህን ለመግደል አስበሃል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፤ ገመድ፣ ስለትና የተባይ መድኃኒት አርቁ፤ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም ሐኪም ማየት አለበት። የታዘዘ መድኃኒትን ሳያማክሩ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ከድንኳኑ ሳይወጣ የሰነበተ ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ «እንዴት ዋልክ?» በሉት። ቁጭ ብላችሁም መልሱን አዳምጡ።