የታተመ ወረቀት ልጅን ማንበብ ያስተምራል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት በሚበዛበት ሰፈር ወዳለ ኮፒ ቤት ጎራ ያለ ሰው ወረፋው ውስጥ ማን እንዳለ ያያል። ሲቪና የባንክ ፎርም ከያዙት መካከል ስልካቸውን ዘርግተው «ይቺን ፋይል በቴሌግራም ልላክልህና ሃያውንም ገጽ አውጣልኝ» የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ። የሚወጣው ወረቀት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ በነጥብ የተጻፈ የእንግሊዝኛ «ኤ»፣ ከጎኑ ፖም፣ ከሥሩ አምስት ኳስና «ቆጥረህ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ። ወርክሺት ይባላል፤ አሁን አሁን ይህን ቃል የማያውቅ የኬጂ ወላጅ ማግኘት ይከብዳል።

ልማዱን ያጠናከረው ኮሮና ነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች መልመጃ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ፤ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ማተሙ ግን ቀጠለ። ወላጅ ከሥራ መልስ ልጁን ስልክ ላይ ከሚጥደው ወረቀት ላይ ቢያስቀምጠው ይመርጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከአርባ ገጽ በኋላ ልጁ «ደከመኝ» እያለ እርሳሱን ከጠረጴዛው ሥር ሲጥለው፣ ወረቀቱ ምን እየሠራለት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ የአገራችን ክልሎች በተካሄደው የጀማሪ አንባቢዎች ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ሁሉ ፊደል አላዩም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን በዜማ ይወርዱታል። መካከል ላይ ጣት አሳርፎ «ይቺ ማን ናት?» ሲባል ነው ችግሩ የሚመጣው። ከተማ ውስጥ ባለ ደህና ትምህርት ቤት የሚማር ልጅም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ እናንተም ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

የቀድሞ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያደገው የፊደል ገበታ፣ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው ለትውልድ ያዳረሱት፣ ከማንኛውም ወርክሺት በፊት የነበረ የእኛው «የሚታተም መልመጃ» ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ሥዕል አያስፈልገውም ነበር። ኃይሉ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። የኔታ በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እየጠቆሙ ወደ ጎን ያስነብባሉ፣ ቀጥሎ ወደ ታች። ልጁ በቃሉ ይዞት እንደሆነ ለማጣራት ደግሞ አቡጊዳ አለ። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብለን የምናልፈው ነገር ፊደሉንም ድምፁንም በየእርምጃው የሚቀይር ቅደም ተከተል ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ግዕዝ፣ ሁለተኛው ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ እያለ ይሄዳል። የ«ሀ ሁ»ን ዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል። ቅርጹን ያወቀ ያልፋል። ሽምደዳን የሚፈትን መልመጃ ከውጭ ከማውረዳችን በፊት ቤታችን ውስጥ ነበረን ማለት ነው።

ነጥብ መከተል ወይስ ራስ መጻፍ?

በብዛት የሚታተመው በነጥብ የተሠራ ፊደል ላይ መሄድ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ካሪን ጄምስና ላውራ ኤንግልሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ገና ማንበብ ያልጀመሩ የአምስት ዓመት ልጆች ፊደላትን በሦስት መንገድ እንዲለማመዱ አደረጉ፤ አይተው በእጃቸው በመጻፍ፣ ነጥብ በመከተልና በኪቦርድ በመምታት። ከዚያ ልጆቹ ፊደላቱን ሲያዩ አእምሯቸው በምስል ተመረመረ። ለንባብ የሚያገለግለው የአእምሮ ክፍል በግልጽ የነቃው ራሳቸው በጻፏቸው ፊደላት ላይ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ልጅ ሲጽፍ ማየት ይበቃል። ነጥብ የሚከተል ልጅ ቀጣዩን ነጥብ ብቻ ነው የሚያየው። ባዶ ቦታ ላይ የሚጽፍ ልጅ ግን «ይቺ እግር የት ነበር የምትጀምረው?» ብሎ ያስባል፤ የመጀመሪያው «መ» ተጣሞ፣ ሁለተኛው ወፍሮ፣ ሦስተኛው ተገልብጦ ይወጣል፤ ፊደል ማለት በዚህ ሁሉ ውስጥ ሳይለወጥ የሚቆየው ነገር መሆኑን የሚማረውም ያኔ ነው።

ስለዚህ የነጥብ ገጽ ሲታተም ከእያንዳንዱ መስመር አንድ ወይም ሁለት ነጠብጣብ ፊደል ብቻ ይበቃል፤ የቀረው መስመር ባዶ ይሁን። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዲያውም እርሳሱ ራሱ ገና ነው። ጣት የሚጠነክረው ሊጥ በመጠፍጠፍ፣ ወረቀት በመቅደድ፣ የልብስ መቆንጠጫ በመክፈትና በመዝጋት ነው። የሊጡን ጉዳይ እንጀራና ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ «ልጅዎ በ30 ቀን ያነባል» የሚል ባለ ቀለም ሽፋን ሳይ የሚሸጠው ለማን እንደሆነ ወዲያው ይታየኛል። ገዥው ወላጅ ነው። ቀስተ ደመናውም፣ የሚስቀው ድብም፣ ጥጉ ላይ ያለው የወርቅ ሜዳሊያም ወላጁን ለማሳመን የተቀመጡ ናቸው። ልጁ ገጹን ሲያይ ዓይኑ ድቡ ላይ ይቀራል፤ መማር የነበረበት «በ» ደግሞ ከሥር አንሶ ተቀምጧል። ጥሩ የመልመጃ ገጽ ብዙ ጊዜ ባዶ ባዶ የሚል ነው።

አሥር ካርድ፣ አምስት ቃል

የአማርኛ ፊደል ለጀማሪ ከባድም ቀላልም ነው። ክብደቱ ቁጥሩ ነው፤ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹን ሳንጨምር። በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ቅለቱ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በእንግሊዝኛ አንድ ልጅ ሦስት ድምፅ ለያይቶ አያይዞ ነው «ካት» የሚለው። በአማርኛ እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ሁለት ፊደል ብቻ ቃል ይሰጣል። ለዚህ 231ዱ እስኪያልቁ መጠበቅ አያስፈልግም።

በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ እነዚህን አሥር ፊደላት በትልቁ አትሙና ቆራርጧቸው፦ ላ፣ ም፣ ማ፣ ር፣ ቤ፣ ት፣ ሎ፣ ሚ፣ ሙ፣ ዝ። ላም፣ ማር፣ ቤት፣ ሎሚ፣ ሙዝ ይወጡባቸዋል። ሁሉም ልጅ የሚያውቃቸው፣ አብዛኞቹ የሚበሉ ነገሮች ናቸው። ሥዕሎቹን በሌላ ወረቀት አትሙና ልጁ ሁለት ሁለት ካርድ እየገጠመ ከሥዕሉ ሥር ያስቀምጥ። ከተለማመደ በኋላ «ዝ»ንና «ም»ን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ምንም ሳትሉ ጠብቁ። ብዙ ልጆች «ዝም!» ብለው ሲያነቡ ከሳቃቸው ብዛት ዝም ማለት ያቅታቸዋል። ሥዕል ሳያይ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ከሁለት ፊደል ቃል አወጣ ማለት ነው። ሠላሳ ገጽ ነጥብ መከተል ይህን አይሰጥም። በነገራችን ላይ ከአሥሩ ካርድ ቀድሞ መምጣት ያለበት የልጁ የራሱ ስም ነው።

ቀጥሎ የቅርጹን ሕግ እንዲያድን አድርጉ። ካዕብ በአብዛኛው ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት አለው፤ ሉ፣ ሙ፣ ቡ፣ ቱ። ኃምስ ከቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት አለው፤ ሌ፣ ሜ፣ ቤ፣ ቴ። አንድ ገጽ ሙሉ የተደበላለቀ ፊደል አትሙና «እግራቸው ላይ ቀለበት ያደረጉትን ሁሉ አክብብ» በሉት። ሩና ፉ ከሕጉ ያፈነግጣሉ፣ ሳድስና ሳብዕም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ልጁ ራሱ «ይሄኛውስ?» ብሎ እንዲያገኛቸው ተዉት። ነ ላይ ጭረት ሲጨመር ኘ፣ ሰ ላይ ሲጨመር ሸ፣ ተ ላይ ሲጨመር ቸ፣ ዘ ላይ ሲጨመር ዠ መሆናቸውም ለአንድ ከሰዓት በቂ ጨዋታ ነው።

አሥራ አንድ ከኢለቨን ይቀላል

በሒሳብ በኩል ደግሞ ብዙ የከተማ ልጆች ቁጥርን የሚጀምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ውስጥ በአማርኛ ማስቆጠር ወደ ኋላ መመለስ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። እኔ አልስማማም። «ኢለቨን»ና «ትዌልቭ» ውስጥ አሥር እንዳለ ልጁ በምንም አይሰማውም። «አሥራ አንድ»፣ «አሥራ ሁለት» ግን አሥርና አንድ፣ አሥርና ሁለት መሆናቸውን በስማቸው ይናገራሉ። የአሥር ቤትና የአንድ ቤት የሚባለውን ትምህርት ቋንቋው ቀድሞ እያስተማረው ነው። ይህን በዓይን ለማሳየት ባለ አሥር ሳጥን አትሙ፤ አምስት አምስት ሆነው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ አሥር ባዶ ካሬዎች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ልጁ አሥራ ሦስት ባቄላ ይደርድር። አንዱ ሳጥን ይሞላል፣ በሌላው ሦስት ይቀመጣል። ከዚያ በሁለቱም ቋንቋ ይጥራው።

አምስት ባቄላ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ «ስንት ነው?» ሲባል እንደገና ከአንድ የሚጀምር ልጅ አላዋቂ አይደለም፤ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ገና አልገባውም። «5» ብሎ እንዲጽፍ ከማጣደፍ በፊት እዚህ ላይ መቆየት ይሻላል። ወረቀት ላይ የታተሙ አምስት ኳሶች አይነሱም፣ አይነኩም፤ ቆርኪና ሽምብራ ግን በጣት እየተገፉ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ከሚታተሙት የሒሳብ ነገሮች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጡ ብባል የምመርጠው የቁጥር መንገድ ነው። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰብ የመጡ የአሜሪካ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈበት ባለ አንድ መስመር ሰሌዳ ላይ ተጫወቱ። ሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ያህል። የቁጥር ግንዛቤያቸው በሚለካ ደረጃ ተሻሻለ። በቁጥር ፈንታ ቀለም ብቻ ባለበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ያን ለውጥ አላሳዩም።

አሠራሩ ይህ ነው። በወረቀት ርዝመት አሥር እኩል ካሬ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 10። ሁለት ቆርኪ። በአንድ ሳንቲም አንድ ፊት ላይ «1»፣ በሌላው «2» የሚል ወረቀት ለጥፉና በመወርወር ተራ ያዙ። ዋናው ነገር አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ 4 ላይ ያለ ልጅ ሁለት ከወጣለት «አንድ፣ ሁለት» ሳይሆን «አምስት፣ ስድስት» እያለ ይራመድ። ይህ ከተዘለለ ጨዋታው ቆርኪ መግፋት ብቻ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ልጆች ካሉ ካሬዎቹን እዚያው መሬት ላይ ቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ ኮፒ ቤትም አያስፈልግም።

ምን ያህል ጊዜ ለሚለው፣ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ በአንድ መቀመጫ አሥር ደቂቃ፣ ግፋ ቢል አሥራ አምስት ይበቃል። ልጁ «አንድ ጊዜ ብቻ» እያለ ሲለምን ማቆም ከማልቀሱ በኋላ ከማቆም ይሻላል። ደግሞ ያለ እናንተ የሚሠራ ገጽ የለም። ወረቀቱን ሰጥቶ ወደ ማድ ቤት መሄድ የሚያመቸው ሥዕል ሲቀባ ብቻ ነው።

የሚነበብ ነገር ለሚፈልጉ አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር የተባሉት ነፃ የሕፃናት መጻሕፍት ስብስቦች የአማርኛ ታሪኮች አሏቸው፤ አውርዶ ማተምም ይፈቀዳል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለች እህታችሁ ልጆችም ሊንኩን ላኩላት፤ አማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በሌለበት አንድ የታተመ ታሪክ ብዙ ይሠራል።

ከማተማችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። ከአሜሪካ የሚወርዱ ፋይሎች የሚዘጋጁት «ሌተር» በሚባለው የወረቀት መጠን ስለሆነ ኤ4 ላይ ሲታተሙ ጠርዛቸው ሊቆረጥ ይችላል፤ ኮፒ ቤቱን «ፊት ቱ ፔጅ» አድርጉልኝ በሏቸው። ቀለም አታስወጡ፤ ጥቁርና ነጩ በብዙ ይረክሳል፣ ልጁም ራሱ ይቀባዋል። ደጋግሞ የሚያገለግለውን፣ ማለትም የቁጥር መንገዱንና ባለ አሥር ሳጥኑን፣ ላሚኔት አስደርጉት፤ ወይም በጠራ ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ከታችሁ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ይጻፍበት። በአሮጌ ካልሲ ይጠረጋል። ማጥፋቱን አብዛኛው ልጅ ከመጻፉ በላይ ስለሚወደው፣ ካልሲውን ቀድማችሁ አዘጋጁ።