ካኪ ጨርቅ ለቤተሰብ ያለው ጥቅም

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ፣ የልጆች እናት ሁሉ ከገበያ ትውላለች። ጨርቁን ታገላብጣለች፤ ዋጋውን ትጠይቃለች፤ ብዙውን ጊዜም ርካሹን ይዛ ትመለሳለች። አንዲት ጎረቤታችን እንዲህ አድርጋ ያሰፋችው ሱሪ የገና በዓል ሳይደርስ ከጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤ ልጁም ጓደኞቹ እንዳይስቁበት አፍሮ ሁለት ቀን ከትምህርቱ ቀረ። ይህ የደረሰው እናቲቱ ቸልተኛ ስለ ሆነች ሳይሆን፣ ጨርቅን ከጨርቅ መለየት ያስተማራት ሰው ስላልነበረ ነው።

ሽመና ሁሉ የድርና የማግ መገናኘት ነው። በነጠላ፣ በጋቢና በአቡጀዲ ማጉ አንዱን የድር ክር ከላይ፣ ቀጥሎ ያለውን ከታች እያለ ያልፋል። በካኪ፣ በጂንስና በጋባርዲን ግን ክሩ ሁለት ወይም ሦስት ክር በአንድነት ይዘላል፤ በሚቀጥለውም መሥመር የዝላዩ መነሻ በአንድ ክር ወደ ጎን ይገፋል። ከዚህም የተነሣ በጨርቁ ፊት ላይ ሰያፍ መሥመር ይታያል። የአገራችን ሸማኔ ድሩን በሁለት ከፍሎ እያፈራረቀ ያነሣል፤ ለሰያፍ ሽመና ግን ድሩ ቢያንስ በሦስት መከፈል ይገባዋል።

የዚህ ሽመና ጥቅም ምንድን ነው? ክሮቹ የሚጠላለፉበት ቦታ ጥቂት ስለ ሆነ፣ እጅግ ተጠጋግተው ሊደረደሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጨርቁ ጠንካራ ይሆናል፤ ነፋስን ይከላከላል፤ ቶሎ አይጨማደድም፤ እድፍም ፈጥኖ አይታይበትም። በ19ኛው መቶ ዘመን በሕንድ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ካኪ ይለብሱ ነበር፤ ስሙም አቧራ ከሚለው የፋርስ ቃል የወጣ ነው። በአሜሪካም ነጋዴው ሌቪ ስትራውስና ልብስ ሰፊው ጃኮብ ዴቪስ፣ የሠራተኞችን ሱሪ ኪስ በብረት ችንካር የማጠንከር የፈጠራ መብት በ1873 እ.ኤ.አ. አገኙ፤ የጂንስ ዝናም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ።

ይሁን እንጂ ሰያፍ መሥመር ያለው ጨርቅ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እናቶች ሆይ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ካለፈ ሽመናው የሳሳ ነው። በጥፍራችሁም ፋቅ አድርጉት፤ ነጭ ዱቄት ከረገፈ ውፍረቱ ከክሩ ሳይሆን ከተቀባው ሙጫ የመጣ ነው። የጥጥ ጨርቅ ስለሚሸበሸብ፣ ሳይቆረጥ በፊት በውኃ ተነክሮ ይድረቅ። ልጅ ያድጋልና ከሱሪው ግርጌ ትርፍ ይታጠፍ። ሲታጠብ ውስጡ ወደ ውጭ ይገልበጥ፤ በጥላም ይሰጣ። ጉልበቱ ሲሳሳም ሳይቀደድ ይጣፍ፤ የመጣፊያው ሰያፍ መሥመር ከሱሪው መሥመር ጋር አንድ አቅጣጫ ከያዘ፣ መጣፉ እምብዛም አይታወቅም።

በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 የተመሰገነችው ልባም ሴት፣ ለቤተ ሰዎቿ ልብስ አስቀድማ የምታስብ፣ እጇንም ለድኻ የምትዘረጋ ናት። እኛም ለቤተ ክርስቲያን ነጠላችንን በንጽሕና እንደምንጠብቅ፣ የልጆቻችንን የትምህርትና የሥራ ልብስ በማስተዋል እንምረጥ። በሚገባ የተያዘ ካኪ ለታላቁ ሲጠብበው ለታናሹ ይደርሳል፤ ለታናሹም ሲጠብበው ለታረዘ የጎረቤት ልጅ ይተርፋል። የታረዘውን ማልበስም ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ ነውና፣ ዛሬ በገበያ የምናደርገው ጥንቃቄ ነገ ለሌላው ምጽዋት ይሆናል።