ድምፅ መጨመር ብቻ መፍትሔ ነውን?
ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በአውቶቡስ ስንጓዝ የሞተሩ ጩኸት ሙዚቃውን ይውጠዋል፤ እጃችንም ወዲያው ወደ ድምፅ መጨመሪያው ያመራል። መስማት ለደከመው አድማጭ ግን ችግሩ ከዚህም ይሰፋል።

በዕድሜ ወይም በጩኸት ሳቢያ የሚመጣ የመስማት ድካም በአብዛኛው ቀጫጭን ድምፆችን ቀድሞ ይነጥቃል። ከበሮው እየተሰማ «ሰ» እና «ፈ» ይጠፋሉ፤ ግጥሙም ይደበዝዛል። ሁሉንም በአንድነት ብናጎላ ከበሮው በርትቶ የተረፈውን ጆሮ ይጎዳል። የሚሻለው፣ ኢኳላይዘር በተባለው ማመጣጠኛ ወፍራሞቹን ቀንሶ ቀጫጭኖቹን ማንሣት፣ የውጭ ጩኸት በሚከልል ማዳመጫም መጠቀም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች 80 ዴሲቤልን በሳምንት ከ40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤልን ከ4 ሰዓት እንዳናሳልፍ ይመክራል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋልና። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።