ግሪሳ የወረደበት ፕሎት

በከሚሴ ዙሪያ፣ በቦርከና ሸለቆ ባለው የጨፋ ሜዳ፣ ገበሬው ማሽላ ይዘራል። ከአቀንጭራም ከድርቅም ከግሪሳም ጋር ይታገላል። ጨፋ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎችን ከሚሞክርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አዲሱ ዝርያ ከነባሩ ይበልጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ፍርድ የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቲ-ቴስት ነው።

ቲ-ቴስትን ያወጣው በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ጎሴት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመው። መሣሪያው የሁለቱን አማካይ ልዩነት ወስዶ ለውጤቶቹ መበታተን ያካፍላል። መበታተኑ ሲበዛ እውነተኛው ልዩነት ተውጦ ይቀራል። ልዩነት በእርግጥ ሲኖር ቴስቱ የማግኘት ዕድሉ ፓወር ይባላል፤ ተመራማሪዎች ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ።

ለምሳሌ ያህል አዲሱ ዝርያ በአምስት ፕሎቶች በሄክታር 31፣ 33፣ 34፣ 35 እና 7 ኩንታል ሰጠ እንበል። 7 የሰጠው ግሪሳ የወረደበት ነው። ነባሩ ደግሞ 27፣ 28፣ 28፣ 28 እና 29 ሰጠ። የሁለቱም አማካይ 28 ነው። ቲ-ቴስትም «ልዩነት የለም» ይላል፤ አዲሱ ግን በአራት ፕሎቶች ነባሩን በሙሉ በልጧል።

እንዲህ ላለው ችግር ሮበስት የሚባሉ ቴስቶች አሉ። ፍራንክ ዊልኮክሰን እ.ኤ.አ. በ1945 ያቀረበው ኩንታሉን ትቶ ደረጃውን ይቆጥራል። ዩየን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበችው ደግሞ ከየቡድኑ ጫፍና ጫፍ ለምሳሌ 20 በመቶ ቆርጦ የቀሪውን አማካይ ያወጣል፤ በእኛ ምሳሌ 32.7 ለ28 ይሆናል።

ከቲ-ቴስት ጋር ያላቸው የፓወር ልዩነት ትልቅ ነው። በየቡድኑ 25 ልኬት ይኑር፤ የአማካዮቹ ልዩነትም አንድ መደበኛ ልይይት ያህል ይሁን። መረጃው የደወል ቅርጽ ካለው ቲ-ቴስት ከ90 በመቶ በላይ ፓወር አለው። ከአሥር ልኬቶች አንዱ አሥር እጥፍ ቢበታተን ግን ፓወሩ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል፤ የዩየን ግን ከ70 በመቶ በላይ ይቆያል። የዊልኮክሰን ዋጋም ትንሽ ነው፦ በደወል ቅርጹ መረጃ ቲ-ቴስት በ95 ፕሎት የሚያገኘውን እሱ በ100 ገደማ ያገኛል።

ሆኖም የፕሎት ማነስን የሚያካክስ ቴስት የለም። በምሳሌያችን ዊልኮክሰንም ዩየንም የተለመደውን የ5 በመቶ መስፈርት አያልፉም፤ አምስት ፕሎት በጣም ትንሽ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የዓለም ምግብ ሽልማትን እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ካበረከቷቸው ዝርያዎች መካከል አቀንጭራን በመቋቋም የታወቁት ጎብዬና አብሽር ቶሎ ይደርሳሉ። ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ሌላው እሸት ሳይሆን ስለሚያፈራ ግሪሳውን ይጠራል። የምሳሌያችን አዲስ ዝርያም እንዲህ ከሆነ ያቺ 7 ኩንታል የዝርያው ጠባይ እንጂ ድንገተኛ አደጋ አይደለችም፤ ቆርጦ መጣሏም ገበሬው ሊያውቀው የሚገባውን ኪሳራ መደበቅ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ቴስቱን ከመምረጡ በፊት ፕሎቱ ምን እንደደረሰበት ጠባቂውን ይጠይቅ፤ የሚፈልገው ወፍ ያልነካው ምርት ይሁን ወይስ ጎተራ የሚገባው፣ ያንንም ከዘር በፊት ይወስን።